ሩብ ሰዓት ውሃ

ወንድሜ ዋልልኝ፣ ከደብረ ታቦር እኔ እየተናገርሁ ልጄ ስርጉት ትጽፍልሃለች። ባሏ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሰዓት አሳየኝ። ይኸኛውና ባሕር ዳር ያለው ከአንድ ሳተላይት እየሰሙ፣ ቅንጣት ሳይዛነፉ እኩል ይሄዳሉ። እኔና አንተ ግን ማሳችን ጎን ለጎን ሆኖ፣ የመስኖ ተራ በደረሰ ቁጥር በሰዓት እንጣላለን። ሦስት ሰዓት ብዬ ውሃውን ስለቅልህ "ሩብ ሰዓት በላህብኝ" ትላለህ፤ እኔም ሰዓትህን ቀጣፊ እለዋለሁ።

የኔን ከዚህ ጋር ባስተያየው ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። አማቼ "አባባ፣ የሰው ውሃ ጠጥተዋል" ብሎ ሳቀብኝ። ሰዓቴ እንጂ እኔ አልሰረቅሁም።

አስተካክዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ በሰዓቱ እለቅልሃለሁ። የመስኖውን ተራ ለሚዳኘው ለውሃ አባቱ ግን እንዳትነግር። ሚስትህን ውቢትንና ልጆቹን ሳምልኝ። ደግሞ እንዳትኩራራ፤ የረታኝ ሰማይ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።

አስማማው