ፕላስተር የተለጠፈበት ካሴት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በናንተ ማክሰኞ ጃንዋሪ 11

ሉሊቴ፣ የኔ እናት፣

ይሄ ሰውዬ በስልክ ዘመን ምን ደብዳቤ ያስጽፈዋል እንደምትዪ አውቃለሁ። አትደንግጪ፣ አልታመምኩም። ሳልም ትኩሳትም የለኝም። የምሠራበት ዌርሀውስ ግማሹ ሰው ኮቪድ ይዞት ስለቀረ የተረፍነው ደብል እየሠራን ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። እሁድ ኮል ካደረግሽልኝ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

ያን ዕለት ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሽ የአልበሞቹን ስም ስታነቢልኝ እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ «ዳዲ፣ ይሄኛው ዊርድ ነው» አልሽኝ። «አልበሙ ኦርጅናል ነው፣ ግን እንዲቀዳበት ከላይ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። የሆነ ሰው ቢ ገጹ ላይ የሆነ ነገር ቀድቶበታል። ሚስትሪ ቴፕ! ቅዳሜ ጓደኞቼ ፊት ላይቭ ነው የምከፍተው።» እኔ ሳል ያዘኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ሳል አልያዘኝም ነበር፣ ልጄ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ማታውን ካሴቱን መልሰሽ ላኪልኝ ብዬ ብለምንሽ «ሪላክስ ዳዲ፣ አይጠፋብህም» ብለሽ ቴክስት አደረግሽልኝ።

እንዴት ሪላክስ ላድርግ?

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በኛ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ አልበም ይወጣል ከተባለ በጠዋት ሄደን ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ እንሰለፋለን። ቤት ገብተን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ ደስ ያላለንን ጭምር እንሰማለን። አንዳንዱ ዘፈን በአምስተኛው ቀን ነው የሚጥመው። አንቺ ደግሞ ኮሌጅ እያለሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ከተከራየሽው ክፍል ሥራ ሳደርስሽ ስልክሽን መኪናዬ ላይ ታገናኚና እያንዳንዱን ዘፈን ሃያ ሰከንድ ሰምተሽ ትቀይሪዋለሽ። አንድ ቀን ካሴቶቼን አይተሽ «አሥር ዘፈን ሙሉ የአንድ ሰው ድምፅ? ኖ ዌይ!» ብለሽ እንዴት እንደሳቅሽብኝ! እኔም ተናድጄ ምን ጆሮ ነው ያላችሁ አልኩሽ። በልቤ ግን እሰይ አልኩ። የምደብቀውን ነገር የደበቅኩት እዚያ ካርቶን ውስጥ ነበርና። ይቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን ካሴት አትነካም ብዬ ተማምኜ ነበር። ዘመኑ ዞሮ የእናንተ ዘመን ልጆች ካሴት ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ይሻማሉ ብሎ ማን ጠረጠረ!

ለታንክስጊቪንግ በዓል መጥተሽ ክሎዜት ውስጥ ብርድ ልብስ ስትፈልጊ ካርቶኑን አገኘሽው። «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ፣ ልውሰዳቸው?» ስትዪኝ ደስታ አሳበደኝ። አንቺ ሻወር ስትገቢ ሮጬ ያቺን ካሴት አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ። ግን ከዚያ አልበም ሁለት ነበረኝ። አንዱን የላከችልኝ እናትሽ ናት። ቢ ገጹ ላይ ድምጿን ስለቀዳችበት በዚያ በኩል ያሉትን ዘፈኖች ለመስማት ሌላ ገዛሁ፤ አልበም በግማሽ ሰምቼ አላውቅማ። በጥድፊያ ያወጣሁት የገዛሁትን ነው። ፕላስተር ያለበት ከአንቺ ጋር ካሊፎርኒያ ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው።

እዚያ ላይ ያለው የእናትሽ ድምፅ ነው፣ ሉሊት።

ያኔ ስልክ ውድ ነበር፤ ሰው የልቡን የሚያወራው ካሴት ላይ ቀድቶ በመንገደኛ እየላከ ነበር። በ1993 ዓ.ም. እዚህ የማውቃቸው ጋሼ ገብረኪዳን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ይዘውልኝ መጡ። «ደጀን፣ አልበሙን ገዝቼልሃለሁ፤ በዚህ በኩል ግን እኔ ነኝ የማወራህ፣ ይቅርታ» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ «ዓባይነህ ነገረኝ» ትላለች። «ዲቪውን ስትሞላ ያላገባ፣ ልጅ የሌለው ብለህ ነው አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነው።

ፎርሙን ከጓደኛዬ ከዓባይነህ ጋር ነው የሞላነው። ያላገባ ሰው ቶሎ ይደርሰዋል እየተባለ ይወራ ነበር። አንቺ ገና ዳዴ ትዪ ነበር። መጀመሪያ ልግባ፣ ከዚያ አስመጣቸዋለሁ ብዬ እናትሽንም አንቺንም በአንድ ቃል ሰረዝኳችሁ። እዚህ ከገባሁ በኋላ ስማችሁን ባስገባ ውሸቴ ይወጣል፣ ግሪን ካርዴን ቀምተው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ሲቲዝን ከሆንኩ በኋላም ፈራሁ። እናትሽ ታማለች ሲሉኝ የማስመጫውን ፎርም አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ስድስት ወር እዚያው ላይ እራት በላሁ፣ አልሞላሁትም። እሷን ከቀበርን በኋላ ነው ላንቺ የሞላሁት። ያኔ ስለድሮው ማን ጠየቀኝ መሰለሽ? ማንም! አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለእናትሽም አልሆንኩ።

ካሴቱ ላይ አንቺም አለሽ። አራት ዓመትሽ ነው። ከኋላ ሆነሽ «አባዬ ለምን አይወስደንም?» ትያታለሽ። እሷም «ኤምባሲው ከልክሎት ነው» ትልሻለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንዲህ ብያታለሁ፤ አንተም እንዲሁ በላት። አባቷን እንድትጠላ አልፈልግም» ትለኛለች። ይኸው እስከ ዛሬ እንዲሁ ስልሽ ኖርኩ። በአሥራ አራት ዓመትሽ ኤርፖርት ስቀበልሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሽኝ ይህንኑ ነበር፤ አቅፌሽ ኤምባሲው ነው አልኩሽ። አንቺም እስከ ዛሬ ኤምባሲውን ትረግሚያለሽ።

ካሴቱን ለምን አላቃጠልከውም ትዪ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው አልቻልኩም። ግን ድምጿ ነው፤ እንዴት አድርጌ ላቃጥለው?

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሳትሰሚው መልሺልኝ ልልሽ ነበር። አሁን እዚህ ስደርስ አፈርኩ። ከእናትሽ ጋር አብረሽ ልትኖሪበት የሚገባውን ዕድሜ ወስጄብሽ ድምጿንም ልንጠቅሽ? አልልሽም። ያንቺ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ሰው ፊት አትክፈቺው። ብቻሽን ስሚው። እኔን አስበሽ አይደለም፤ እሷ የሰው መሳቂያ እንዳትሆን ነው።

ከሰማሽው በኋላ ላትደውዪልኝ ትችያለሽ። ጎሳዬ፣ አብሮኝ የሚሠራው፣ ቤክስሊ አጠገብ ያለው ፖስታ ቤት ዛሬ ከሰጠነው ሐሙስ ይደርሳል ብሎኝ መኪናውን አሙቆ ውጭ እየጠበቀኝ ነው። እንደገና ካነበብኩት እቀደዋለሁና አላነበውም።

የእናትሽ አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ ደጀን

ሳልረሳው፦ ካሴቱን የምትከፍቺበት ያ የጓደኛሽ ቴፕ አሮጌ ነው ብለሽኛል። አሮጌ ቴፕ ክር ይበላል። መጀመሪያ በሌላ ካሴት ሞክሪው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሪው። ከያዘው በኃይል እንዳትጎትቺ፣ ቀስ ብለሽ በእስክሪብቶ ጠቅልዪው። አደራሽን ሉሊት፣ ድምጿ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።