ጎሚስታው አውፍ ብሎኛል

ለወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን ከረምክ? ጉሮሮህስ እንዴት ነው? የኩሬህ ዓሦች በረከቱ ወይ? የጋሩት ተራራ ብርድ ለደረቱ አይሆንም እያልኩ እናትህን በጠየቅኋት ቁጥር «የሱን ደረት ለሱ ተወውና አንተ ሆድህን ቀንስ» ትለኛለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሚስቴ ኢማስም ደህና ናት። ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመት ሞላን፣ አሁንም ጊታሬን «ጣውንቴ» ነው የምትለው።

ካልተነጋገርን አራት ዓመት ሞላን። መጀመሪያ አንተ ስልኬን አላነሳህም፣ በኋላ እኔም መደወል ተውኩ። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ይህን ያለችኝም እናትህ ናት። ብታቃጥለው እንኳን መጀመሪያ ሁለት መስመር ሳታነብ እንደማትቀር አውቅሃለሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር ላስቀድም። አልበም ሠርቻለሁ። የብቻዬ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ! ሳቅ፣ ግድ የለም። ስምንት ዘፈን ነው። ሰባቱ አልቀዋል፣ ስምንተኛው ያንተን ድምፅ ይፈልጋል። የምጽፍልህም ይህንኑ ልለምንህ ነው።

የቀረጸልኝ ዮዮ ነው፤ ያ ቀጭኑ፣ የባንዳችንን የመጀመሪያ ካሴት መጋዘን ውስጥ ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍኖ የቀረጸልን። አሁን ሸብቷል፣ ምላሱ ግን እንዳለ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አስቆመኝ። «ምንድነው እየመታህ እየመታህ ቀጥ የምትለው? እጅህን ይይዝሃል እንዴ?» አለኝ። ኧረ አላቆምኩም ብዬ ተከራከርኩት። መልሶ አሰማኝ። ወላሂ፣ በየአራተኛው ምት መጨረሻ ላይ እጄ ከክሩ ላይ ይነሳል። አንተ ትንፋሽ የምትስብባት ቦታ! ሃያ ስድስት ዓመት እሷን ቦታ ስለቅልህ ኖሬ፣ እጄ መለያየታችንን ገና አልሰማም። «እና ማንን ነው የምትጠብቀው? የብቻህ አልበም ነው እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰባቱን ራሴ ዘፈንኳቸው። ኢማስ ሰምታ «ጥሩ ነው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ ሲያነብ ነው የሚመስለው» አለችኝ። በኋላ ተሻሽያለሁ፣ እሷን አትስማት። ስምንተኛው ግን በኔ አፍ አልወጣም አለ። አምስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት።

በዚህ መሀል ኢድ ደረሰ። መቼም እንደምታውቀው ያን ቀን ሁላችንም ስልካችን ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ አውፍታ እንጠይቃለን። እኔም እንደማንኛውም ሰነፍ አንድ መልእክት ጻፍኩና «በአፌም በልቤም ላጠፋሁት አውፍ በሉኝ» ብዬ ለአራት መቶ ሰው ባንዴ ለቀቅሁት። ለጥርስ ሐኪሜ፣ ለአከራዬ፣ ጋዝ ለሚያመጣልን ሰውዬ ሳይቀር። ያንተ ቁጥር እዚያ ውስጥ መኖሩ ትዝም አላለኝ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሳየው ስምህ! «እኔንም አውፍ በለኝ ወንድሜ፤ እንግዲህ ዜሮ ለዜሮ ነን» ይላል።

ዘለልኩ። በዚህ ሆዴ ዘለልኩ ስልህ! ኢማስ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። ወዲያው ለዮዮ ደውዬ «ስምንተኛውን እንዳትነካው፣ ባለቤቱ ሊመጣ ነው» አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ መሬት አልረገጥኩም። በአራተኛው ቀን ደፈር ብዬ ደወልኩልህ። «ሃሎ፣ የከባድ ነው የቀላል?» አለኝ አንድ ወፍራም ድምፅ። ምኑ? አልኩት። «ጎማው ነዋ!»

ቺማሂ ከተማ ያለ ጎሚስታ ነው። ቁጥርህ እሱ እጅ ከገባ ሁለት ዓመቱ። ማንነቴን ሳታውቅ እንዴት አውፍ ትለኛለህ ብዬ ጮህኩበት። «የኔ ወንድም፣ በኢድ ቀን ማን ማንን ይመርጣል? ለመጣው ሁሉ ዜሮ ለዜሮ ብዬ ነው የምመልሰው» አለኝ። እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው። ልዘጋው ስል ደግሞ «ጎማ ሲፈነዳብህ ብቅ በል፣ ተዋወቅን እኮ» ብሎ ጨመረልኝ።

በነጋታው እናትህ ዘንድ ሄድኩ። የዓሣ ባታጎር ዘይት ውስጥ እየጠበሰች ነበር። የሆነውን ስነግራት ጭልፋዋን እንደያዘች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቀጥ አደረገችና «ያንተና የሱ ነገር ግን በጅምላ የሚላክ ነው?» አለችኝ። አፈርኩ። ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። «ተነስ፣ ዘይት ይፈናጠርብሃል። የተቀየመህ እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ድምፄ ሲሄድ ጥሎኝ ሄደ ነው የሚለው። አንተ ዝም ካልክ ደግሞ ልክ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ደግሞ ወደ ድስቱ እያየች፣ «ድምፁም ቢሆን አልሄደም። ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር ሲያንጎራጉር ሰምቼዋለሁ። አሸዋ ገባበት እንጂ የትም አልሄደም» አለች።

ያንን እንደሰማሁ ሮጬ ዮዮ ጋ ገባሁ። ክሮቹን ሁሉ አላልቼ ስምንተኛውን ዘፈን ከድሮው አራት ድምፅ ዝቅ አድርጌ እንደገና ቀረጽኩት። የድሮ ጩኸትህን አልፈልግም፣ እሱን ጠግበን ጮኸነዋል። እኔ የምፈልገው አሸዋውን ነው።

አሁን ዝም ስላልኩት ነገር። ከባንዱ ስወጣ «ስም ፈልጎ ነው» ተባለ፣ አንተም አመንክ። አንተ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንገትህ ታሽጎ፣ የምትፈልገውን ደብተር ላይ እየጻፍክ በምታሳይበት ሰሞን፣ ያ የካሴት አሳታሚያችን አራታችንን ምሳ ጠራን። ዓሣ አስጠበሰ፣ ቀለደ፣ ስለ ልጆቻችን ጠየቀ። እጃችንን እንደታጠብን የአምስት ዓመት ውል አወጣና ብዕሩን መጀመሪያ ለኔ ሰጠኝ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጥኩት። የፊርማው ቦታ አራት ነበር። እኛ አምስት ነን።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባንዱ ውስጥ የለሁም አልኩ። ያለ ጊታር ወረቀቱ አልረባውም መሰለኝ፣ ሰውየው አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከኔ ቀጥሎ የተቀመጡት ሦስቱ ይፈርሙ ነበር ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ብዕሩ እነሱ ጋ አልደረሰም። በየኢዱ እየመጡ እንደሚጠይቁህ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ላንተም ያኔ መጥቼ ይህንን ልነግርህ ነበር፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ክፍልህ በር ድረስ መጥቼ፣ በመስኮቱ አየሁህና ተመለስኩ። አንገቱ ለታሸገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ብትጠላኝ ይሻላል አልኩ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን፣ እሁድ ወዳንተ ስትመጣ ይዛልኝ እንድትመጣ ዛሬ ጠዋት ለእናትህ ሰጠኋት። ፖስታውን አላሸግሁትም ነበር፣ እሷ ደግሞ ያልታሸገ ነገር አያልፋትም። እንደቆመች ማንበብ ጀመረች። ስለ ምሳው የጻፍኩት ጋ ስትደርስ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ሳማህ! አንተ ድንጋይ! ምላስ አልነበረህም?» ብላ ጮኸችብኝ። ባታጎሩ እያረረ ነው አልኳት። «ይረር!» አለች። ምድጃውን ድርግም አድርጋ አጠፋች፣ ሂጃቧን ቀየረች፣ «እሁድን ማን ይጠብቃል? መኪናህን አስነሳ» አለችኝ።

ይህን የመጨረሻውን የምጽፍልህ መሪው ላይ አስደግፌ ነው። በርህ ይታየኛል። እናትህ መስኮቱን እየደበደበች «ጨርስ እንጂ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የምትጽፈው?» ትለኛለች። አላህ ጤናህን ምሉእ ያድርግልህ። ቤትህንም ኩሬህንም በረካ ያድርግልህ። ለዚህች ሴትዮም ዕድሜ ጨምሮ ይስጥልን፤ ኢማስም ሰላም ብላሃለች።

ደብዳቤውን እናትህ ይዛልህ ትገባለች። እኔ መኪናው ውስጥ ነኝ። አውፍ ካልከኝ ውጣ። ካላልከኝም ውጣና ስደበኝ፤ ግን በድምፅህ።

መድረክ ላይ ከግራህ የሚቆመው ወንድምህ