በዕቁብ ያለቀው ትምህርት

ሰኞ

የጥናቴ ሴቶች ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ተሳስተዋል። ያውም አንድ ዓይነት ስህተት። አማካሪዬ ዶክተር ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው።

"እነዚህ ሴቶች የሚያስቡት በአንድ ጭንቅላት ነው?" አለኝ።

እስቲ ልጻፈው፤ ሲጻፍ ይቀለኝ ይሆናል። ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው ዲጂታል ትምህርትና የመማር ቴክኖሎጂ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ጎጃም በረንዳ አካባቢ የሚነግዱ ሴቶች በስልክ ማንበብ መማር ይችሉ እንደሆነ ያያል። አጫጭር ትምህርቶች ሠራሁ። ሴትየዋ ትሰማለች፣ ቃሉን ትነካለች፣ ሲስተሙ ደግሞ ማን ምን እንደመለሰ ይመዘግባል። ውጤቱ ግሩም ነበር። እኔ ሞኟ ያላወራሁለት ሰው የለም፤ ለአክስቴ፣ ለጎረቤት፣ ለፀጉር ሠሪዬ ሳይቀር።

እስከ ዓርብ አጥጋቢ መልስ ካላመጣሁ ዘንድሮ ለዲፌንስ፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ለማስረዳት፣ አልቀርብም። ለከርሞ ደግሞ መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ እንደማይሰጠኝ ቁርጡን ነግሮኛል። እና ዓርብ ማለት በቃ፣ መጨረሻው ነው።

ምሳ አልበላሁም። (ውሸት ነው፤ ሳምቡሳ በልቻለሁ። ግን አልጣመኝም።)

ማክሰኞ

ፋሲካ ስለደረሰ መርካቶ መርገጫ የለውም። ከተሸካሚ ጆንያ ጋር እየተጋፋሁ ደረስኩ።

እትዬ ብርቄ ኮረሪማ እየመዘኑ ነበር። የእናቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ የተራው ሴቶች ዕቁብ ዳኛም እሳቸው ናቸው። ሴቶቹን ለጥናቱ ያሰባሰቡልኝም እሳቸው። አጠገባቸው ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ሙና አለች፤ የዕቁቡ ጸሐፊ።

ሁሉም የተሳሳቱበትን ጥያቄ ሳሳያት ሙና ሳቀች።

"ውይ፣ ያ ሳምንት እኮ የትዕግሥት ነበር! ሸማ ሻጯ። ዕጣው ለሷ ወጥቶ።"

"የምን ዕጣ?"

"የትምህርቱ ነዋ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕቁቡ ዕጣ ሲወጣ የትምህርቱም ዕጣ አብሮ ይወጣል። የደረሳት ሴት የሁሉንም ስልክ በፌስታል ሰብስባ ሱቋ ጀርባ ትቀመጥና ትምህርቱን በየስልኩ ላይ ጨርሳ ትመልሳለች። ሌሎቹ ይነግዳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ባለተራዋ ሌላ። ፊደል የሚያስቸግራት ዕጣ ከወጣላት ደግሞ ትሸጠዋለች፣ ልክ እንደ ዕቁብ! የገዛቻት ትምህርቱን ትሠራላታለች፣ እሷ የገዥዋን ሱቅ ትጠብቃለች።

የሙናን ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

"እትዬ ብርቄ፣ ኧረ ለምን?"

"ምን ለምን አለው? 'ሁላችሁም ጨርሱልኝ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር' ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ጨረስንልሽ! ማን ቀረ?" እውነተኛ ግራ መጋባት ፊታቸው ላይ ነበር። "አንቺን እንዳናሳፍር ብለን እኮ ነው የኔ ልጅ።"

እንዴት ትቆጪያቸዋለሽ?

ረቡዕ

ለዶክተር ደውዬ ዘረገፍኩለት። ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"ይሄ ዳታ አይሆንም። እያንዳንዷን ለየብቻ፣ ያለ ስልክ፣ ከወረቀት ላይ አስነብቢ። የሆነውን ጻፊ። ዓርብ ያልኩት ደግሞ ዓርብ ነው።"

በበዓል ገበያ!

አንዷ የክፍል ጓደኛዬ "ቁጭ ብለሽ ውጤቱን ራስሽ ሙዪው፤ ማን ያይሻል" አለችኝ። እዚህ የሚያነብብኝ ስለሌለ እውነቱን ልናገር፦ ሰንጠረዡን ከፍቼ ነበር። ለማን ስንት እንደምሰጥ ሁሉ አስቤያለሁ። ለእትዬ ብርቄ ጥሩ ውጤት ልሰጥ ስል ራሴን ታዘብኩትና ዘጋሁት።

ከሰዓት ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ያልተባልኩት የለም። "አሁን ገበያዬን ልሽጥ ወይስ ሀ ሁ ልበልልሽ?" አለችኝ ትዕግሥት። ሌላዋ "ለበዓል ሰው ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ ይቺ ፈተና ይዛ መጣች" ብላ ተራውን አሳቀችብኝ።

እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም። ጀርባቸውን ሰጡኝ። "አጭበርባሪዎች ናችሁ ለማለት ነው?" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠጋኛል? ዳኛዋ ያልተቀመጡበት ቦታ ማንም አይቀመጥም።

የሚያስጨንቁኝ፦ ዓርብ። እናቴ ስትሰማ። እናቴ ከእትዬ ብርቄ ጋር እንደተቀያየምን ስትሰማ (ይሄኛው ይብሳል)። የመሥሪያ ቤት ሰዎች "እህ፣ ተመረቅሽ?" ሲሉኝ። ለፀጉር ሠሪዬ የምነግራት።

ታክሲ ውስጥ ልተወው ወሰንኩ። እቤት ስደርስ ሐሳቤን ቀየርኩ። ራት ላይ እንደገና ተውኩት።

ሐሙስ

ሙና ጎትታ ጥግ ወሰደችኝ።

"አንቺ ደግሞ ተምረሽ አይገባሽም! እትዬ ብርቄ ማንበብ አይችሉም እኮ። ዕጣቸው ሲወጣ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። በዚህ ሁሉ ሴት ፊት ሲንተባተቡ ይታይሽ?"

አልታየኝም ነበር። በሲስተሙ ላይ እሳቸውም እንደ ሌሎቹ ግሩም ውጤት ነበራቸዋ!

በምሳ ሰዓት ከሱቃቸው ጀርባ ወዳለው መጋዘን ተከትያቸው ገባሁ። ስም እንደማይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዶክተሩም ማን ማን እንደሆነች አያውቅም አልኳቸው። በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጡና "አምጪው" አሉ።

የመጀመሪያውን ቃል አፈጠጡበት።

"መነጽሬን ረስቼ..."

መነጽር አድርገው አያውቁም።

"ይቅር በቃ፣ እትዬ።"

"ቆይ እንጂ! ምን ያጣድፍሻል?" ጣታቸውን ከፊደል ፊደል አንፏቀቁ። "ዋ... ጋ። ዋጋ!" ቀና ብለው አዩኝ። የቀሩትን ቃላት ሞከሩ፤ አልሆነም። "እነዚያን ዜሮ በያቸው። 'ዋጋ'ን ግን አንብቤያለሁ፤ እንዳትዘነጊ።"

ጻፍኩ።

ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና ያንን ድምፃቸውን ለቀቁት። "ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ? ልጅቱ ልትወድቅ ነው! በየተራ ግቡ! እኔ ገብቼ ወጥቻለሁ!"

ገቡ። አንዷ ቃሉን ጀምራ ደንበኛ ሲጠራት ጥላኝ ሮጠች፣ ሸጣ ተመልሳ ጨረሰችው። አንዷ አለቀሰች። ሙናና ትዕግሥት ውሃ አድርገው አነበቡት። አብዛኞቹ ግን... ምንም። ዕጣቸውን ሲሸጡ የከረሙት እነሱ ናቸው። ስንት ወር የለፋሁበት ትምህርት ደህና አድርጎ ያስተማረው የሌሎቹን ስልክ ይዘው የተቀመጡትን ብቻ ነው።

ዓርብ

ላክሁት። የዕቁቡንም ነገር፣ የፌስታሉንም፣ ዜሮዎቹንም። ሳልቀባባ።

ጠዋት መልስ የለም። ከሰዓትም የለም። ስልኬ ሲጮህ ዘልዬ አነሳሁ፤ ጥሪ ማሳመሪያ ግዢ የሚል መልእክት ነው። ልቤ ልትወጣ!

እናቴ "ፊትሽ ምን ሆነ?" አለች። "እንቅልፍ ነው" አልኳት። ለመሥሪያ ቤቴ የማስገባውን ማመልከቻ ምን ብዬ እንደምጽፍ ማሰብ ጀምሬያለሁ፦ በግል ምክንያት ትምህርቴን ስላቋረጥኩ። በግል ምክንያት! የተራው ሴት ሁሉ የሚያውቀው የግል ምክንያት።

ቅዳሜ

ከሲኒማ ራስ ታክሲ እንደተሳፈርኩ ዶክተር ደወለ።

"ውጤቱ ደካማ ነው" አለ።

"አዎ፣ ዶክተር።"

"ግን አሁን የሰው ውጤት ይመስላል።" ወረቀት ሲገልጥ ይሰማኛል። "ከርዕሱ ላይ 'ስኬት' የምትለዋን ቃል አውጪልኝ። የዕቁቡን ክፍል ደግሞ አስፊው፤ ሁለት መስመር አይበቃውም። ለዲፌንስ ትቀርቢያለሽ። ፈታኞቹ ግን ያፋጥጡሻል፤ እኔ ላድንሽ አልችልም።"

"እሺ ዶክተር፣ እሺ፣ እሺ።" ስንቴ እንዳልኩት እንጃ።

ስልኩን ስዘጋ ለቅሶዬ መጣ። ሰው በሞላበት ታክሲ፣ ድምፅ አውጥቼ። ዶሮ ታቅፈው አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደነገጡ።

"ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?"

"ማንም አልሞተብኝም እማማ። ትምህርቴ ነው።"

"ውይ! ሞተ?"

"አይ..." አፍንጫዬን ጠረግሁ። "የተረፈ ይመስለኛል።"

"እንዲያ ከሆነማ ምን ያስለቅስሻል?" አሉና ዶሮዋን እንድይዝላቸው ሰጡኝ፤ ከጉያቸው ሶፍት እስኪያወጡልኝ።