እናት እያጣጣረች አርባ ቆዳ

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ዝናብ። ቢሮ የገባሁት ጫማዬ በስብሶ ነው። ማሞቂያው ዛሬም አልተሠራም። ጠዋት ለምንሠራው የኮምፒውተር ጌም የመንደርተኞች ንግግር ጻፍኩ... ዘጠኝ መስመር። ሦስቱን ሰረዝኩ። ደህና ቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ክፍል ከፍቼ ራሴ ልጫወተው አልኩ። የጻፍኩትን እንዴት አድርገው እንዳስገቡት ለማየት ያህል። ምነው በቀረብኝ!

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

ንዴቱ አልበረደልኝም። ተጫዋቹ አንዲት ልጅ ሆኖ ነው የሚጫወተው። መልእክተኛ እየሮጠ ይመጣና "እናትሽ እያጣጣረች ነው፣ ድረሽ!" ይላታል። ለዚህች ትዕይንት ሁለት ወር ለፍቻለሁ። ከዚያስ? መንገድ ዳር የቆመ ነጋዴ "አርባ ቆዳ አምጪልኝ፣ ጥሩ ሰይፍ እሰጥሻለሁ" ይላል።

ሄድኩ። አደንኩ። ዓሣም አጠመድኩ። በጌሙ አቆጣጠር አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ስመለስ እናትየዋ አልጋዋ ላይ... እያጣጣረች! ልክ መልእክተኛው እንዳለው። "እንኳን በጊዜ ደረስሽልኝ፣ ልጄ" አለችኝ። የገዛ ጽሑፌ ነው። ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴ ጋለ።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ሚዛንን አናገርኩት። ውጊያውንና ነጥቡን የሚያመጣጥነው ልጅ ነው፤ ሚዛን ያልነው ለዚያ ነው።

"እናት እየሞተች አርባ ቆዳ?" አልኩት።

"ተጫዋች ጊዜ ሲቆጠርበት ይጠላል።"

"እናቱ ስትሞትበትስ ይወዳል?"

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል "ያንቺን ንግግር እኮ ከአሥር ሰው ሰባቱ ቁልፍ ተጭኖ ነው የሚያልፈው። ቆጥሬዋለሁ" አለኝ።

ቆጥሮታል! የሰው ልፋት ቁጭ ብሎ ይቆጥራል! በሩን ጓ አድርጌ ወጣሁ። የእናትየዋ ኑዛዜ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው... በዛ እንዴ? አልበዛም።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ላፕቶፑን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ነበሩ። ጌም ነክተው አያውቁም፤ ግን እጃቸው ቶሎ ለመደ። ያው መልእክተኛው መጣ። አክስቴ ቀጥ ብለው ሮጡ። ነጋዴውን ዞር ብለውም አላዩት። የከተማው በር ላይ ዘበኛው በአንድ ምት ገደላቸው። እንደገና ሮጡ። ገደላቸው። አሥራ አንድ ጊዜ!

"አክስቴ፣ መጀመሪያ ቆዳ ይሰብስቡ። ሰይፍ ያገኛሉ።"

መነጽራቸውን አውልቀው አፈጠጡብኝ። "እናቷ እያጣጣረች ቆዳ? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያደረጋችሁኝ? ይሄ ጌማችሁ የሚቀጣው እኮ ያመናችሁን ሰው ነው!"

የከተማውን በር እኛ ሠሪዎቹ ብቻ በምናውቀው ኮድ ከፈትኩላቸው። አልጋው አጠገብ ደረሱ፤ ኑዛዜው ጀመረ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እጃቸውን አነሱ።

"የኔ ልጅ፣ የምትሞት ሴት ይህን ሁሉ አታወራም። ትንፋሹን ከየት አመጣችው?"

ስንቱ ሲሞት አልጋው አጠገብ ቆመው እንዳዩ አውቃለሁ... ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

እንደተናደድኩ ነው። በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

ለሚዛን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

"አሥራ አንድ ጊዜ?" አለ። "ዘበኛውን ያጠነከርኩት ሰዉ ቆዳውን እንዲሰበስብ ብዬ ነው። ታሪክሽን አምኖ የሚሮጥ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።"

ስድብ ነው ምስጋና? ልቆጣ ስል ፊቱን አየሁት። አፍሯል።

እስከ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዋልን። ወዲያው የሮጠ ሰው ጓሮ በኩል መንገድ ያገኛል፤ በባዶ እጁም ቢሆን ይደርሳል። ቆዳ የሰበሰበ ሰይፉን ያገኛል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከመጣ ግን አልጋው ባዶ ነው። ኑዛዜውን ራሴ ቆረጥኩት። አራት ዓረፍተ ነገር ቀረ። ይሻላል። ለሚዛን ግን አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ሃያ ሰው ጠርተን አስሞከርን። አንዱ ረጅም ሰውዬ አርባውን ቆዳ ለቅሞ፣ በሚያብለጨልጭ ሰይፍ ዘበኛውን ጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ፍራሹ ተጠቅልሏል። ጎረቤቷ "ትናንት ነበር" አለችው።

"ማንም አልነገረኝም!" ብሎ ጮኸ።

ነግረነዋል። አራት ጊዜ! ሁሉንም ቁልፍ ተጭኖ ነው ያለፈው። ከዚያ ግን ማንም ሳያዘው ከመጀመሪያው ጀመረ። በዚህኛው ሮጠ። ንግግሩን አንድም ሳይዘል።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡን። የሰውዬውን ቅሬታ አንብበዋል። "ሰው ለመዝናናት ነው የሚገዛን። እናትየዋ እንደ ድሮዋ ትጠብቅ" አሉ።

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ሚዛን ቀድሞኝ ተነሳ። ሚዛን!

"ከመለሳችሁት ስሜን ከጌሙ ላይ አንሱልኝ" አለ።

"የኔንም" አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። "እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የተስማማችሁት? እሺ ይሁን! ቅሬታ በመጣ ቁጥር ግን መልስ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ" ብለው ወጡ። ይሁና። እጽፋለሁ!

ከስብሰባው በኋላ ሚዛን ወደ ጠረጴዛው ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ የቁጥር ሰንጠረዡ ተከፍቷል። በጣቱ አንዱን ረድፍ አሳየኝ። "እናትየዋ እኔ ጋ 'ዒላማ ሰባት' ነው የምትባለው... ስሟ ማን ነው?"

ሁለት ዓመት ሙሉ "እናት" እያልኩ ነው የጻፍኳት። ስም የሚባል ነገር ሰጥቻት አላውቅም። እሱን በቁጥር ስወቅስ... እኔስ?

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስድስት ስም ጣልን፣ ሰባተኛው ላይ ሁለታችንም ቀና አልን። "ዒላማ ሰባት" የሚለውን አጠፋና በሱ ቦታ ጻፈው።