ሳልጠየቅ ስለተሸኘሁበት ሥነ ሥርዓት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ኦስቫልዲኖ ፕራዜሬስ
የሳንታ ኤድቪጅስ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ወገብዎም ደም ግፊትዎም ደህና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እርስዎ ስለ እኔ ጤና ይህን ያህል ሲጨነቁ እኔ ስለ እርስዎ አለመጠየቄ ነውር ይሆንብኛል። እስካሁን ዶክተር የምንልዎት የአሥራ አንድ ነዳጅ ማደያ ባለቤት ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር፤ ሕክምናም እንደሚያውቁ የተረዳሁት ባለፈው እሑድ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ እኔን የሴቶቹን ቡድን አጥቂ፣ እሑድ ወንዶቹ ሲጫወቱ የክለቡን መለያ ለብሼ፣ እናቴንም ይዤ እንድመጣ ሲጠሩኝ፣ ውሌ ሊታደስ ነው ብዬ እየፈነደቅሁ መጣሁ። እናቴ ዶና ዴርሲ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ ለበሰች። በዕረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው «የሰባት ዓመት ጀግናችን ጁሲማራ ዛሬ ጫማዋን ሰቀለች!» ሲል፣ ጫማዬን መስቀሌን እንደማንኛውም ተመልካች ያን ጊዜ ሰማሁ። እርስዎ እቅፍ አበባ ይዘው ቀረቡ፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እናቴ እያለቀሰች «ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ፣ ልጄ?» አለችኝ። በአሥራ ሁለት ሺህ ሰው ፊት አበባ መመለስ አይሆንልኝምና ተቀበልኩ። እንደማልመልሰው ማወቅዎ የሚደነቅ ነው።

፪ኛ/ ማክሰኞ ሌላ ቡድን ስለፈለገኝ መልቀቂያ ልወስድ ቢሮዎ ሄድኩ። ጸሐፊዎ ዶና ኢራሴማ «በራሷ ፈቃድ ጨዋታ አቁማለች» ተብሎ ለፌዴሬሽኑ መጻፉን ነገረችኝ። ፊርማዬ የታለ ብላት አበባውን ስቀበል የተነሳሁትን ፎቶ አውጥታ አሳየችኝ። «የኔ ቆንጆ፣ ሕዝብ አልቅሶ ከሸኘሽ በኋላ ልመለስ ማለት አያሳፍርም?» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ ካልተጫወትኩ ከእንግዲህ የሚፈልገኝ የለም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ ለሌላ ቡድን እንዳልጫወት ብለው ነው ያደረጉት።

፫ኛ/ የዚያኑ እሑድ ለጋዜጠኞች «ጉልበቷ አልቋል» ብለው ስላዘኑልኝ አመሰግናለሁ። ጉልበቴ የተጎዳው ለሴቶቹ ይበቃል ብለው በሰጡን፣ መኪና ሲቆምበት በኖረ ሜዳ ላይ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የቤተ ክርስቲያናችንን ደረጃ እየወጣሁ እየወረድኩ ራሴው አዳንኩት፤ ሐኪሙም ድናለች ብሎ ጽፏል። እርስዎ ግን አንድም ቀን ስጫወት አላዩኝም። አምና ዋንጫ ወስደን ለፎቶ የመጡ ዕለት የበረኛችንን የቴልማን እጅ ጨብጠው «ጎሽ ጁሲማራ!» አሏት። ቴልማ በአንድ ክንድ ትረዝመኛለች፣ ያውም ጓንት አድርጋ ነበር።

፬ኛ/ ይህን በትሕትና ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ክፉ ሰው ነዎት። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ከኳስ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ እሱን ነጥቀው እናቴን አደባባይ ላይ አስለቀሱ፣ ከዚያ ለምሳ ሄዱ።

በመሆኑም ስሜ ወደ ተጫዋቾች መዝገብ እንዲመለስና መልቀቂያዬ እንዲሰጠኝ፣ ካላስቸገርኩ፣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሳታቆም ያስቆሟት፣ ቸርነትዎን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳ፣ በክለቡ ታሪክ ብዙ ጎል ያገባች ትንሿ አገልጋይዎ፣

ጁሲማራ ዳ ኮንሴይሳዎ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ያነበቡ የቡድኔ ልጆች እነሱም መሸኘት አማራቸው። ሃያ ሁለቱም በራሳቸው ፈቃድ ጨዋታ ማቆማቸውን ጽፈው፣ የእነሱ ግን ፊርማ ያለው ስለሆነ ውልና ማስረጃ ዘንድ አረጋግጠውታል። የሴት ቡድን የሌለው ክለብ ወንዶቹን በሊጉ ማሰለፍ እንደማይፈቀድለት ለእርስዎ አልነግርም፤ እኛን ያቋቋሙን ለዚያ ሲሉ ነው። ፌዴሬሽኑ ዘንድ የሴቶቹ ስም ዝርዝር ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። እስከዚያ መልቀቂያዬ ካልደረሰኝ ሃያ ሁለቱን ወረቀት ራሴ ለፌዴሬሽኑ አስገባለሁ፤ እሑድ ስታዲየም ለሚመጣው ሕዝብ ግን ወንዶቹ ለምን እንደቀሩ የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።