ሺፍራ የቀዳችው ወይን

ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የሞንትሪያል ብርድ ዘንድሮ ጨክኗል ሲሉ ሰምቼ አንቺን አሰብኩ። አደራሽን ያንን የውጭ ደረጃ በበረዶ ብቻሽን እንዳትወርጂው። ትንሹ የልጅ ልጅሽስ ጥርስ አወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የኔ ደም ግፊት እንደ ወትሮው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሙ ጨው ተዪ ይለኛል፣ እኔም እሺ እያልኩ እበላለሁ።

ደጋግመሽ እንደደወልሽ አይቻለሁ። ስልክ ላይ ድምፄን ስለማላምነው ነው ያላነሳሁልሽ። «እኔ አክስቷ ሆኜ የልጅቱ ሠርግ መፍረሱን ከሰው ልስማ? ምን አጥፍተው ነው?» ብለሽ በመልእክት ያስቀመጥሽውን ሁለቴ ሰማሁት፤ እያለቀስሽም ነበር። እውነትሽን ነው፣ ከሰው መስማት የለብሽም። ከኔው ስሚው።

ነገሩ የሆነው በየዓመቱ ከእኛ ከአይሁድ ፋሲካ በፊት ማንሃተን በሚደረገው፣ በሕጋችን የተፈቀደ የኮሸር ወይንና ምግብ ቅምሻ ላይ ነው። አንቺ ሄደሽበት አታውቂም፣ ምንም አልቀረብሽም። በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ነበር። ባርኔጣ የደፋው፣ ውድ ዊግ ያጠለቀችው፣ ሁሉም «እኔ እንኳን ለወይኑ ነው የመጣሁት» ይላል። በሩ ሲከፈት ታዲያ ወይኑ ጋ ማን አለ! ሁሉም ጥብሱ ላይ ተረባረበ። የጎድን ሥጋ የሚቆርጠው ሰውዬ በያዘው ቢላ ራሱን መከላከል ነው የቀረው። ወልደው ከብደው ያሉ፣ ቤታቸው ሁለት ማቀዝቀዣ የሞላ ሥጋ ያላቸው ሰዎች በክርን ሲጋፉ ብታዪ ታፍሪ ነበር።

ከጠገቡ በኋላ ደግሞ አዋቂ መሆን ይጀምራሉ። አንድ ከቲኔክ ከተማ የመጣ የጥርስ ሐኪም አፍንጫውን ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እርጥብ ድንጋይ ይሸተኛል፣ ትንሽም የትምባሆ ቅጠል» አለ። ሚስቱ «ጋዙ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሲያድር ምንም ያልሸተተህ ሰውዬ!» ብትለው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በየጠረጴዛው የመትፊያ ባልዲ ተቀምጧል፤ ቀምሶ መትፋት ነው ወጉ። ማን ሊተፋ! የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎበት? አንዱ ገና ሥጋውን ሳይውጥ «ሁለተኛው ወይን ከመጀመሪያው ከበለጠ ሌላ የምስጋና ጸሎት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» ብሎ ክርክር ከፍቷል። ሃይማኖታቸውም እንደዚያው ነው፣ በሞላ አፍ።

«አንቺስ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ትይኝ ይሆናል። የሄድኩት ለአማቾቼ ስል ነው። ግሪንሽፓኖችን መቼም ታውቂያቸዋለሽ፤ በቀለበቱ ዕለት ከፔርል ጎን ነበር የተቀመጥሽው። ራስ ለራስ ገጥማችሁ የምትስቁበት ፎቶ እዚህ አለኝ። ባሏ ሞርዲ ከገሊላ ወይን የሚያስመጣ ትልቅ ነጋዴ ነው፣ ልጃቸው ናፍታሊ ደግሞ ልጄን ሺፍራዬን ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቀን የቆረጠ። «ቤተሰብ ሆነናል፣ በጠረጴዛችን መገኘት አለባችሁ» ብለው ሁለት ካርድ ላኩልን። ባሌ ዜቭ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር «ሆዳም ሰው ለማየት ወንዝ አልሻገርም» ይል ነበር።

ሞርዲ ጠረጴዛ ላይ ያለው በእሳት ያልተፈላው ወይን ነው፣ ያ ውዱ። የተፈላ ቢሆን የሆቴሉ አስተናጋጅም ቢቀዳው ግድ የለም ነበር፤ ይሄኛውን ግን የኛ ሰው፣ ያውም ሰንበት የሚጠብቅ፣ ካልሆነ እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ፤ ሌላ ሰው ከነካው አይጠጣም። እና ለመቅዳት የተቀጠሩት ሁለት ሰዎች ባቡር ተበላሽቶባቸው መንገድ ላይ ቀሩ። ሞርዲ ላቡን እየጠረገ «የኔ ልጅ፣ ዛሬ አድኚኝ» ሲላት ሺፍራ ኮቷን አውልቃ ቡሽ መንቀል ጀመረች። እንዴት እንዳማረባት! ለሁሉም ትስቃለች፣ ለሁሉም እኩል ትቀዳለች። የግሪንሽፓኖች ምኩራብ ረቢ እንኳ ሦስቴ ተመላልሰው ብርጭቋቸውን ዘረጉላት። የብሩክሊን አንድ ምግብ ቤት ባለቤት ቀምሶ ቀምሶ፣ ለቤቱ ብዙ ሣጥን እንዲላክለት ከሞርዲ ጋር እጅ ተጨባበጠ። እኔ ጥግ ቆሜ፣ ሰዉን ብንቅም፣ ልጄን እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፔርል የመጣችው ዘግይታ ነው። ጉንጬን ስትስመኝ በአየር ላይ ሳመችኝ። ሺፍራ ሮጣ «ይቺን ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት» ብላ የምርጡን ወይን ጠርሙስ አነሳች። ፔርል መዳፏን ብርጭቆዋ አፍ ላይ አደረገች። «ተዪው የኔ ቆንጆ፣ ናፍታሊ ይቅዳልኝ» አለች፣ ፈገግ ብላ። ልጄ የዋህ ናት፤ «አላፈስብዎትም፣ እጄ ለምዷል እኮ» አለቻት። «የመፍሰስ ጉዳይ አይደለም» አለች ፔርል።

የልጄ እጅ እንዳይነካው መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። «ምን ማለትሽ ነው ፔርል?» አልኳት። ለሹክሹክታ ያህል ጠጋ አለችኝ፣ ድምጿን ግን ሰው እንዲሰማው አድርጋ ሰደደችው። «እኔ አልፈረድኩም። ልጅቱ ከኛ ሰው እንዳልተወለደች፣ ሕፃን ሆና ወደ ሃይማኖቱ እንደገባች ሰማሁ፤ ይሁን፣ እሱስ ባልከፋ። ግን በመንጻት ገንዳው ስትነከር መጀመሪያ ፀጉሯ አልሰመጠም አሉ፣ ደግመው ነከሯት፣ በሁለተኛውም ቁንጮዋ ውሃው ላይ ቀርቷል አሉ። ካልሰመጠች አልገባችም ማለት ነው። እስኪጣራ ድረስ ጥንቃቄ ነው እንጂ ክፋት የለኝም» አለችኝ።

ወይ ጉድ! ወደኛ የገባን ሰው መነሻውን አንስቶ ማሳቀቅ ኦሪት ደጋግሞ የከለከለው ነገር መሆኑን ያቺ ሴት የማታውቅ እንዳይመስልሽ። ሴቶች ሰብስባ ታስተምራለች እኮ! ሺፍራ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ወልደን ሳይሆን ተቀብለን እንዳሳደግናት እንደ ሕጉ ነግረናት «የናንተው ነኝ» ብላ አንገታችን ላይ እንደተጠመጠመች አንቺ ታውቂያለሽ። ለናፍታሊም ገና ሁለተኛ ቀን ሲገናኙ ራሷ ነግራዋለች። የቀረው ሰው ግን የዜቭ ሞሮኳዊት አያት መልክ የመጣባት ነው የሚመስለው፣ እኛም ዝም ብለናል። ሁለተኛ ስትነከር ደግሞ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ውሃው ከላይዋ ተከድኗል። አንድ ፀጉር አልቀረም።

አፌን ስከፍት ሺፍራ ቀደመችኝ። አላለቀሰችም። ጠርሙሱን አስቀምጣ «እና ምን ይሻላል ሚስስ ግሪንሽፓን? እዚህ የምታዩትን ሁሉ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ በሩ ከተከፈተ ጀምሮ የቀዳሁትም እኔ ብቻ ነኝ» አለቻት።

እታለም፣ ያኔ ነበር እዚያ መገኘት። የሚያኝከው ማኘኩን ተወ። የጥርስ ሐኪሙ ብርጭቆውን እንደ እባብ አየው። ረቢው የጎረሱትን ወይን መዋጥም መትፋትም አቃታቸው። ያ የብሩክሊኑ ሰውዬ «ሞርዲ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ሲል፣ የሞርዲ ፊት ከጠረጴዛው ጨርቅ ነጣ። ልጅቱ አጠራጣሪ ከሆነች የተከፈተው ሁሉ ሊደፋ ነው፣ ስሙም ከወይኑ ጋር ይደፋል።

«ማነው ጥያቄ ያለው?» ብሎ ጮኸ ሞርዲ። «ምንም ጥያቄ የለም! ይቺ ልጅ እንደኔና እንደናንተ ናት! ጠጡ ጃል!» ረቢውም የጎረሱትን ዋጡና «የወሬ ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ልጅቱም ወይኑም ምንም የለባቸውም» አሉ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ፔርል ራሷ «እንግዲህ ረቢው ካሉ» ብላ ብርጭቆዋን ለልጇ ዘረጋች። ናፍታሊም ልጄ ከከፈተችው ጠርሙስ ቀዳላት፣ ጠጣችውም። አላነቃትም!

ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተፈቀደው ወይኑ ብቻ ኖሯል። ሰው ወደ ሥጋው ሲመለስ ሞርዲ ከጠረጴዛው ኋላ ሰበሰበንና «ወይን አንድ ነገር ነው፣ ጋብቻ ሌላ። የዘር ጉዳይ ነው። ትንሽ ቀን እንስጠው፣ ይጣራ» አለኝ። «አሁን እንደኔ ናት ያልከው አፍህ የማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እሱማ ለገዢዎቹ ነው» አለኝ፣ ያለ ምንም እፍረት። ሥጋ ላይ የሚጋፉት እነዚያ እኮ በስንት ጣዕማቸው! እነሱ ሆዳም መሆናቸውን አልደበቁም።

ሺፍራ ግን እሱንም እኔንም አልሰማችንም፤ የምታየው ናፍታሊን ነው። ያ ከንቱ ልጅ ጫማውን እያየ «እናቴን ታውቂያታለሽ። አንዴ ደግመሽ ብትነከሪ ሁሉም ዝም ይላል፤ ምን ይጎዳሻል?» አላት። ጢም አውጥቶ ገና የእናቱን አፍ ነው የሚጠብቀው።

«ወይኑንስ ደግማችሁ ልትጨምቁት ነው?» አለችው።

«ሺፍራ፣ እባክሽ፣ ሰው እያየን ነው» ብቻ አለ። ቀለበቱን ከጣቷ አወለቀች። አልወረወረችውም፣ አልተሳደበችም፤ ቀስ ብላ ባልዲው ውስጥ ለቀቀችውና ኮቷን ደረበች። እኔ ስዞር ሞርዲ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ሰው የተፋው ውስጥ ይዳብስ ነበር። ሙሽራው የት ሄደ እንዳትዪ፤ ለአባቱ የእጅ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል። ከነዚህ ጋር ልዛመድ ነበር ስል አሁንም ያንገፈግፈኛል።

ልጄ ታክሲ ውስጥ አለቀሰች። እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። ትወደው ነበር እታለም፤ የመጋረጃ ቀለም ሳይቀር መርጣለች። እኔ የማዝነው ለዚህ ነው። የግሪንሽፓኖች ነገር ግን በማግሥቱ ረቢው ደውለው «ሴትዮዋ ተጸጽታለች፣ ይቅር ተባባሉ» ሲሉኝ ሳቅሁባቸው። ሺፍራም ስልኩን ተቀብላ «ለወይኑ የሰጡትን ምስክርነት ለእኔ ደግመው ሊሰጡልኝ ሲችሉ ዝም ብለዋል» ብላ ዘጋችባቸው።

ይኸው ነው የጠየቅሽኝ። አንድ ነገር ብቻ አልወጣልኝም። የመንጻቱን ነገር ፔርል ከየት አመጣችው? ሺፍራ ሁለቴ መነከሯን ለናፍታሊ አልነገረችውም፣ እሷም አታውቀውም ነበርና። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የነበረውን ሰው መቼም ታስታውሺዋለሽ። ሦስቱ ዳኞች ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ሦስቱም አርፈዋል። ዜቭም አርፏል። እኔ አለሁ። ከኛ ሌላ፣ ፎጣ ይዞ የቆመ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አላረፈም።

ሺፍራ ባለፈው ሰንበት ሻማ ካበራን በኋላ «እማ፣ ያን ዕለት ከውሃው ስወጣ በፎጣ የተቀበለኝ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ረሳሁት አልኳት። በሕይወቴ ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዋሸሁ። ሰሃኑን እያነሳሳች፣ «ለፋሲካ አክስቴን እንደ ሁልጊዜው ጥሪያት። የምቀመጠው ከሷ አጠገብ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ጠርቼሻለሁ፣ አልጋሽም ተነጥፏል። በፋሲካ ሌሊት ማንም ለራሱ አይቀዳም፤ ሥርዓቱ የሚያዝዘውን የአንቺን አራቱንም ጽዋ የምትቀዳልሽ ሺፍራ ናት። ወይኑ ያልተፈላ ነው። ጉልበትሽ ካልፈቀደልሽ ደግሞ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ለልጅቱ ምን እንደምላት አስብበታለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጅ ልጆችሽን ሠርግ ያሳይሽ፤ በደጅሽ የሚገባው ሰው ሁሉ ልበ ቅን ይሁንልሽ።

ታናሽ እህትሽ