ስለ ቢጫዋ ካልሲ እና ስለ መጪው ዓርብ

ለክብርት የመዋዕለ ሕፃናቱ ርእሰ መምህርት
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመምህራኑ፣ ለሞግዚቶቹ፣ በሩ ግራና ቀኝ ጉንጫቸው ቀልቶ ለሚቀበሉን ለሁለቱ የሲሚንቶ ጥንቸሎችም ሳይቀር የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ትምህርት ቤቱ አጥር በየወሩ በአዲስ ቀለም እንዲታደስ ከልብ እመኛለሁ።

በመቀጠል የሚከተለውን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። አንዲት ቢጫ ካልሲ፣ የግራ ወይም የቀኝ (ካልሲ በመሆኗ በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም)፣ በቢጫ ቀን ጠዋት ከጓደኛዋ ጋር በልጄ እግር ላይ ሆና ወደ ትምህርት ቤትዎ ከገባች በኋላ ጠፍታለች። ልብስ ሳጥብ የተገኘችው አንደኛዋ ብቻ ናት። አልጋ ሥር፣ ሶፋ ኋላ፣ በልብስ ማጠቢያው ሆድ ውስጥ ሳይቀር ባደረግሁት ፍለጋ ካልሲዋ ቤት ስለመመለሷ ምንም ምልክት ስላላገኘሁ፣ የጠፋችው በእርስዎ ቅጥር ግቢ ውስጥ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ስለ አንዲት ካልሲ ይህን ያህል ቀለም ማፍሰሴ ያስገርምዎት ይሆናል። ካልሲዎቹን የገዛቻቸው የልጄ እናት ናት። ያን ጊዜ ለልጂቱ እስከ ጉልበቷ ይደርሱ ስለነበር «ይሄ እኮ ለእኔም ይበቃኛል» ብዬ ስቄባት፣ «ተወው፣ ታድግበታለች» ብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ዘንድሮ ልክ ሆኑላት። እናቷ ባለፈው ክረምት እንዳረፈች እርስዎም ያውቃሉ፤ የማጽናኛ ካርድ ልከውልናልና። ካርዱ ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ የሆነችው ጥንቸል እጇን እያውለበለበች ስትስቅ ይታያል። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ፤ በዚያ ሳምንት በቤታችን የሳቀች እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት የእርማት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስፈልግ ስለምውል፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር ማቅረቤን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሥራ ጠባይ ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፦ የቀኖቹን ብዛት ይመለከታል። በዚህ ዓመት የቢጫ ቀን፣ የነጠብጣብ ቀን፣ የሳሙና አረፋ ቀን፣ የዱር እንስሳት ቀን እና ልብስን ገልብጦ የመልበስ ቀን በድምቀት ተከብረዋል። ተራ ቀን የሚባል ነገር ድንገት ቢመጣ ልጆቹ ምን ለብሰው እንደሚገቡ ግራ ይገባቸው ነበር። ማስታወቂያው ወደ ወላጆች የስልክ ቡድን የሚላከው ሱቆች በራቸውን ከዘጉ በኋላ መሆኑ ደግሞ፣ ወላጅ በገንዘቡ ሳይሆን በፈጠራ ችሎታው እንዲፈተን ታስቦ መሆኑ ገብቶኛል። ከማስታወቂያው ሥር እናቶቹ ተራ በተራ የልብ ምልክት ይለጥፋሉ። እኔም እለጥፋለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ቁም ሣጥኑን መገልበጥ እጀምራለሁ።

ሁለተኛ፦ የተንጨባረረ ፀጉር ቀንን ይመለከታል። ልጄ ፀጉሯን ለእናቷ ካልሆነ ለማንም የማትሰጥ ስለነበረች፣ ከአክስቷ፣ ማለትም ከሚስቴ እህት ዘንድ ፀጉር መሥራት ስማር ከረምኩ። አክስቷ የማስተማር ተሰጥኦ እንጂ ትዕግሥት የላትም፤ «ማበጠሪያውን እንደ እስክሪብቶ አትያዘው እንጂ! አሁን እስቲ ምን ልታርም ነው?» እያለች፣ ሲብስባትም «ልጅ ናት እኮ፣ ፍራሽ አይደለችም የምትጠፍራት» እያለች እጄን በማበጠሪያው ጀርባ ትመታኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ማለዳ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካልኝን ጉንጉን ሠራሁ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቢያንስ እኔ ከቆምኩበት ሲታይ። ልጄ በመስታወቱ ፊት ጭንቅላቷን ወዲህ ወዲያ አድርጋ ካየችው በኋላ «አባዬ፣ ትንሽ እንደ እማዬ ሆነ» አለችኝ። ያቺን «ትንሽ» ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዣት ዋልኩ።

ያ ቀን የተንጨባረረ ፀጉር ቀን መሆኑን፣ ማስታወቂያውን ሳላየው በማደሬ፣ አላወቅሁም ነበር። ልጄ አንደኛ ወጥታ መጣች።

የምስክር ወረቀቱ «እጅግ ለተንጨባረረው ፀጉር» ይላል፤ በእርስዎ ፊርማ የጸና ነው። ቀይ ሪባን የታሰረባቸው ሌሎች ልጆች፣ ማንኪያ ፀጉራቸው ላይ የተሰካላቸው፣ አንዱማ ጭንቅላቱ ላይ የወፍ ጎጆ የተተከለለት፣ ሁሉም በልጄ ተበልጠዋል። መምህርቷ ደብተሯ ላይ «ቤተሰቡ ብዙ እንደለፋበት ያስታውቃል» ብለው ጽፈዋል። በዚህ እንኳ አልተሳሳቱም። ለሽልማቱ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ በአባትነቴ እስካሁን ያገኘሁት ብቸኛ ሽልማት በመሆኑ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ሦስተኛ፦ «የአባቴ ወይም የእናቴ ሥራ» ቀንን ይመለከታል። የሐኪሟ ልጅ ነጭ ጋውን፣ የፖሊሱ ልጅ ፊሽካ ይዘው ሲመጡ የእኔዋ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዛ መጣች። ማንበብ ገና ስለማትችል ሁሉንም አረመችው። የፊደል ገበታውን፣ የፍራፍሬዎቹን ሥዕል፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር፣ በመጨረሻም መተላለፊያው ላይ ያለውን የእርስዎን ፎቶግራፍ። ይህን በተመለከተ የደረሰኝን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በአክብሮት ተቀብያለሁ። ሆኖም በፎቶዎ ዙሪያ የተደረገው ቀይ ክብ በሙያችን «ይህ ይጣራ» ማለት እንጂ ሌላ ክፋት እንደሌለበት ላስረዳዎ እወዳለሁ።

አራተኛ፦ የፒጃማ ቀንን ይመለከታል። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ልጄ የምትተኛው በእናቷ ሰፊ ካናቴራ ነው። አንገቱ የተለጠጠ፣ ቀለሙ የሄደ፣ ዓይን የማይስብ ካናቴራ ነው። ማስታወቂያው «ልጆች የሚተኙበትን ልብስ ለብሰው ይምጡ» ስለሚል እሱኑ ለብሳ መጣች። መምህርቷ ግን ለፎቶ አይሆንም ብለው፣ ጭብጡን ሳያሟሉ ለሚመጡ ልጆች ከምታስቀምጡት ሣጥን የድብ ሥዕል ያለበት ፒጃማ አውጥተው አለበሷት። ፎቶው ላይ በጣም ታምራለች። ካናቴራውንም ሞግዚቶቹ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከደግነታቸው ብዛት አጥበው፣ ተኩሰው፣ በላስቲክ አድርገው ላኩልን።

ያን ካናቴራ ከክረምት ጀምሮ አላጠብነውም ነበር።

ልጄ ላስቲኩን ከፍታ አፍንጫዋን ሰደደችበት፤ ከዚያም መልሳ አጣጥፋ ሰጠችኝና «ይሄ የኛ አይደለም፣ የሌላ ልጅ ነው፤ ነገ መልስላቸው» አለችኝ። የኛው ነው ብዬ ብምል ብገዘት አልሰማችኝም። ስለ ንጽሕናችሁ አመሰግናለሁ። የምትጠቀሙበት ሳሙና በእውነት ኃይለኛ ነው።

አምስተኛ፣ የመጻፌም ምክንያት፦ መጪው ዓርብ። በማስታወቂያው መሠረት ዓርብ «እናቴን እመስላለሁ» ቀን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ልጅ እንደ እናቱ ለብሶ፣ የእናቱን እጅ ይዞ በቀዩ ምንጣፍ ላይ ይራመዳል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ኬክ ይቆረሳል። ከታች በደማቅ ቀለም «አባቶች የራሳቸው ቀን ስላላቸው በዚህ ዕለት ባለመምጣት ይተባበሩን» ይላል። እኔም ለመተባበር ምን ማድረግ እንዳለብኝ ለመጠየቅ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር።

በፈገግታ ተቀብለውኛል። ወንበሩ የልጆች ወንበር ስለነበር ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠ ያልኩትን ብያለሁ። እርስዎም «አይ፣ በዚህስ አይጨነቁ፣ አስበንበታል፤ ገንዘብ ያዧ ዓርብ ብዙ ሥራ የላትም፣ እጇን ትይዝላታለች» ብለው አረጋጉኝ። ገንዘብ ያዧ ጥሩ ሰው ናቸው። ልጄ ግን የምታውቃቸው በመስኮቷ ቀዳዳ በኩል ግንባራቸውን ብቻ ነው። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ ባላውቅም ወዲያው «ካልሆነ ደግሞ ያን ዕለት ቤት ብታርፍስ? ልጅ አይደለች፣ ትረሳዋለች» ብለው ጨመሩልኝ። እኔም አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስለ እነዚህ ቀኖች የሚገባት ነገር የለም በሚለው ተስማምቼ፣ አመስግኜ፣ ከወንበሩ ጋር ተነሣሁ። ወንበሩን በር ላይ ያላቀቁልኝን ዘበኛም በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ችግሩ ልጄ ቤት መቅረት አትፈልግም። መዝሙሩን አጥንታዋለች። የእናቷን ኮት ከቁም ሣጥኑ አስወርዳኛለች፤ ለብሳው መተላለፊያውን ስትመላለስ ጫፉ ወለሉን ይጠርጋል፣ እጅጌው ውስጥ ጣቶቿ አይታዩም። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ቁልፏን እየፈለገች እንደምታደርገው ቦርሳውን በጉልበቷ ደግፋ ትበረብራለች። ይህን አላስተማርኳትም። ስታደርገው የማየው ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነው፤ ብዙ አልቆምም።

ገንዘብ ያዧ እጇን እንደሚይዙላት በዘዴ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «እሳቸው የኔ ልጅ ናቸው?» አለችኝ። አይ፣ አልኳት። «እኔ እማዬ ነኝ እኮ። እማዬ የምትይዘው እኔን ነው። እኔ እማዬን ከሆንኩ አንተ እኔን ትሆናለህ» አለችኝና፣ ጉዳዩ ስላለቀ፣ ብስኩት ጠየቀችኝ።

ክብርት ሆይ፣ ማስታወቂያውን በሙያዬ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚጠይቀው አንዲት እናት እና አንድ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲመጡ ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ኮቷ መሬት የሚጠርግ አንዲት አጭር እናት፣ ጢሙን የተላጨ አንድ ረዥም ልጇን እጁን ይዛ በርዎ ላይ ትቆማለች። አባት አይመጣም፤ በደንቡ መሠረት ተባብሮ ቤት ይቀራል። ልጁ አይረብሽም። አያለቅስም ብዬ ግን ቃል አልገባም፤ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ከሣጥኑ የሚሰጠውን ማንኛውንም ነገር ይለብሳል፣ የድቡንም ፒጃማ ቢሆን። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይግቡ ይበሉን። ኮቱ ላይ ኬክ ቢፈስ፣ ቀለም ቢነካው፣ ምንም ነገር ቢሆን፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ አትጠቡት።

ለልጆቻችን ደስታ ሌት ተቀን የሚደክመው አእምሮዎ አንድ ቀን እንኳ ጭብጥ አጥቶ እንዲያርፍ ከልብ እየተመኘሁ፣ በተሸላሚው ፀጉር፣ በታጠበው ካናቴራ እና ብቻዋን በቀረችው ቢጫ ካልሲ ስም የላቀ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

የድንቡሼ አባት
(ዓርብ ዕለት ብቻ፦ የድንቡሼ ልጅ)

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ በሩ ላይ ከጥንቸሎቹ በላይ «ሁለተኛ ቤታቸው» የሚል ጽሑፍ አለ። እንደ እርማት ሠራተኛ አንድም የፊደል ስህተት አላገኘሁበትም። የመጀመሪያው ቤቷ ውስጥ ግን ለመግባት ምንም መምሰል እንደማያስፈልጋት ለመረጃ ያህል እገልጻለሁ።

እርማት፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ አክስቷ ኮቱን ለማሳጠር ስፌቱን ስትፈትሽ፣ በውስጥ ኪሱ የተጠቀለለች አንዲት ቢጫ ካልሲ አግኝታለች። ልጂቱ ተጠይቃ፣ በቢጫ ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ራሷ እንዳስገባቻት አምናለች፤ ምክንያቷንም «ሁሉም ሰው ቢጫ ነበረው፣ እማዬ ብቻ አልነበራትም» በማለት አስረድታለች። በመሆኑም ከላይ፣ ካልሲዋ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ እንደጠፋች የተገለጸው ትክክል ባለመሆኑ ተሰርዟል፤ መምህራኑንና ሞግዚቶቹን ይቅርታ እንጠይቃለን። አምስተኛው ቁጥር ላይ ልጂቱ ስለ ቀኖቹ የሚገባት ነገር የለም የተባለውም እንዲሁ ተሰርዟል። በሁለተኛው አንቀጽ «ጠፍታለች» የሚለው «ተሰጥታለች» ተብሎ ይነበብ።